ዕዳን የተነተኑት ባለዕዳ፡ የፕሮፌሰር ኢርቪንግ ፊሸር ውጣ ውረድ

ጊዜው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1929 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ የግዥ ባለሙያዎች ማኅበር ባዘጋጀው የእራት ግብዣ ላይ፣ ጺማቸውን በሥርዓት ያስተካከሉ የ62 ዓመት ፕሮፌሰር ንግግር አደረጉ። የአክሲዮን ዋጋ ከእንግዲህ የማይወርድበት ከፍተኛ አምባ ላይ የወጣ ይመስላል የሚል ነበር የመልእክታቸው ፍሬ ነገር። ጋዜጦች በማግስቱ ይዘውት ወጡ። ዘጠኝ ቀን ብቻ ቆይቶ፣ ጥቅምት 24 ቀን፣ የዎል ስትሪት ገበያ ተናደ። በቀጣዩ ማክሰኞም ባሰበት። አምባ የተባለው ነገር ገደል ሆነ። ከመስከረም 1929 እስከ ሐምሌ 1932 ባለው ጊዜ የዳው ጆንስ መለኪያ ከ381 ወደ 41 ወረደ። ከ10 እጅ ዘጠኙ ጠፋ ማለት ነው።

ፕሮፌሰሩ ኢርቪንግ ፊሸር ይባላሉ። ብዙዎች የሚያስታውሷቸው በዚያች የእራት ንግግር ብቻ ነው፤ የተሳሳተ ትንበያ ምሳሌ ሲፈለግ ስማቸው ቀድሞ ይነሳል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ። ይሁንና ሚልተን ፍሪድማንን የመሰሉ ታላላቅ ኢኮኖሚስቶች አሜሪካ ካፈራቻቸው የዘርፉ ሊቃውንት ሁሉ ቁንጮው ፊሸር ናቸው ሲሉ መስክረውላቸዋል። የቤት ዋጋ ሲወድቅ፣ ባለዕዳ ሲጨነቅ፣ ሰዉ የሚያስፈራው የዋጋ ንረት ነው ወይስ የዋጋ መውደቅ እያለ ሲከራከር፣ ምሁራን ተመልሰው የሚገልጡት የእኒሁኑ ሰው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን የጻፉት ደግሞ እርሳቸው ራሳቸው አንገታቸው ድረስ ዕዳ ውስጥ ሰጥመው ሳለ ነው።

ፊሸር የተወለዱት የካቲት 27 ቀን 1867 በኒውዮርክ ግዛት፣ ሶገርቲስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በእኛ ታሪክ ብናሰላው አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከማረፋቸው አንድ ዓመት ግድም ቀደም ብሎ ማለት ነው። አባታቸው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበሩ። ልጃቸው ዬል ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ሲል፣ በ1884፣ በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። የ17 ዓመቱ ወጣት እናቱንና ታናሽ ወንድሙን የመደገፍ ኃላፊነት ወደቀበት። የሀብታም ልጆችን እያስጠና፣ ለሽልማት የሚቀርቡ የትምህርት ውድድሮችን እያሸነፈ ነው ትምህርቱን የቀጠለው። በ1888 በከፍተኛ ውጤት ተመረቁ።

በሒሳብ የተካኑ ነበሩ። በ1891 ዬል በኢኮኖሚክስ የሰጠውን የመጀመሪያውን የዶክትሬት ዲግሪ የተቀበሉት እርሳቸው ናቸው። ከመሩዋቸው ሰዎች አንዱ ዝነኛው የፊዚክስ ሊቅ ዊላርድ ጊብስ ነበሩ። የጥናቱ ርዕስ የዋጋ አወሳሰን ሲሆን፣ ፊሸር ነገሩን በቀመር ብቻ አስረድተው አልረኩም። ውኃ የሚፈስባቸው ጋኖች፣ ቱቦዎችና ዘንጎች ያሉት አንድ መሣሪያ ነደፉ፤ ኋላም አሠሩት። አንዱን ማንሻ ሲገፉት በሌላው ጋን ያለው ውኃ ከፍና ዝቅ ይላል፤ አንዱ ሸቀጥ ሲወደድ ሌላው ምን እንደሚሆን በዓይን ያሳያል። ኮምፒዩተር ባልነበረበት ዘመን ገበያን በውኃ ማስላት መሆኑ ነው።

በ1893 ማርጋሬት ሐዛርድ የተባለች የሱፍ ፋብሪካ ባለቤት ልጅ አገቡ። ሙሽሮቹ ከአንድ ዓመት በላይ አውሮፓን ሲዞሩ ቆይተው ሲመለሱ፣ አማቻቸው ኒው ሄቨን ከተማ፣ ፕሮስፔክት ስትሪት ላይ የሠሩላቸው ሰፊ ቤት ይጠብቃቸው ነበር። ይህን ቤት አንባቢ ያስታውስልን፤ እንመለስበታለን።

በ1898 ሙሉ ፕሮፌሰር በሆኑበት ዓመት አባታቸውን የገደለው በሽታ እርሳቸውንም ያዛቸው። ሦስት ዓመት ያህል ከማስተማር ሥራ ርቀው ንጹሕ አየር ፍለጋ ከኒውዮርክ ተራሮች እስከ ኮሎራዶና ካሊፎርኒያ ተንከራተቱ። ዳኑ። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆኑ ማለት ይቻላል። ጤናን መጠበቅ ሃይማኖት የሆነባቸው ይመስል ነበር። አልኮል፣ ትንባሆ፣ ሻይ፣ ሌላው ቀርቶ ቡና እንኳ እርም አሉ (የእኛ አገር አንባቢ እዚህ ላይ ቢያዝንላቸው አይፈረድበትም)። ለነቀርሳ ሕሙማን የሚሆን ድንኳን ፈለሰፉ። በ1915 ከአንድ ሐኪም ጋር ሆነው ያሳተሙት የጤና አኗኗር መጽሐፍ ከኢኮኖሚክስ መጻሕፍታቸው ሁሉ ይበልጥ ተሸጠ። የመጠጥ ክልከላው ሕግ ሲወጣም ግንባር ቀደም ደጋፊ ነበሩ።

ወደ ዋናው ሥራቸው እንግባ። በአድዋ ዘመን፣ በ1896፣ ባሳተሙት ጥናት ላይ ዛሬ ማንኛውም የባንክ ባለሙያ የሚያውቀውን ሐሳብ አስቀመጡ። ወለድ ሁለት መልክ አለው። አንዱ በውሉ ላይ የተጻፈው ነው። ሌላው የዋጋ ለውጥ ተቀንሶለት ወይም ተጨምሮበት የሚገኘው እውነተኛው ወለድ ነው። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2022 አገራችን ውስጥ ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ሲሆን የዓመቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ባንክ ያስቀመጥነው 100 ብር 107 ብር ሆነ፤ በ100 ብር እንገዛው የነበረው ዕቃ ግን ከ130 ብር በላይ ጠየቀ። ቆጣቢው ወለድ ተከፈለው ይባላል እንጂ በእውነቱ የከፈለው እርሱ ነው። ተቀባዩ ደግሞ ተበዳሪው። የ20/80 ኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰውና ከባንክ ተበድሮ ቤቱን የተረከበ ሰው፣ ከዓመታት በኋላ ወርኃዊ ክፍያው ከደመወዙ አንጻር እየቀለለው ሲሄድ ያየው ይህንኑ ነው። ብሩ ሲረክስ ዕዳውም አብሮ ይረክሳል።

ነገሩ ሲገለበጥስ? ዋጋ በየዓመቱ ቢወድቅስ? ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ ደስ ይለናል። ጤፍ ቢረክስ፣ ኪራይ ቢቀንስ ማን ይጠላል? ፊሸር ግን ገና በወጣትነታቸው ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል እንዳልሆነ አይተዋል። በ1932 በአሜሪካ ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ 10 በመቶ ያህል ወደቀ። በ6 በመቶ ወለድ የተበደረ ገበሬ በወረቀት ላይ የሚከፍለው ያው 6 በመቶ ነበር። በእህል ሲታሰብ ግን 16 በመቶ ግድም ከፈለ።

በ1911 የገንዘብን የመግዛት አቅም የሚተነትን መጽሐፍ አወጡ። በኢኮኖሚ ውስጥ የሚዘዋወረው ገንዘብ መጠን ከሚዘዋወርበት ፍጥነት ጋር ሲባዛ፣ ከተሸጠው ዕቃ ብዛትና ከዋጋው ብዜት ጋር እኩል ይሆናል የሚለው ቀመር ዛሬም የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ይማሩታል። ከዚህ ተነስተው ዶላር ቋሚ መለኪያ ይሁን የሚል ዘመቻ ጀመሩ። ሜትር ርዝመቱ በየዓመቱ ቢለዋወጥ ማን ልብስ ይሰፋል? ብርም እንዲሁ ነው ባይ ናቸው። የዶላር የወርቅ ክብደት በዋጋ መለኪያ እየታየ ከፍና ዝቅ እንዲል የሚያደርግ ዕቅድ አዘጋጅተው ለፕሬዚዳንቶች፣ ለምክር ቤት አባላት፣ ለባንክ ሰዎች ሁሉ አቀረቡ። ከ1923 ጀምሮም በየሳምንቱ የጅምላ ዋጋ መለኪያ እያሰሉ ለጋዜጦች ያከፋፍሉ ነበር።

በ1922 ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ወደ በርሊን ሄዱ። ጀርመን ውስጥ ዋጋው ከጦርነቱ በፊት ከነበረው 50 እጥፍ አልፎ ነበር። 24 ሰዎችን አነጋገሩ። ዋጋው ለምን ናረ ብለው ሲጠይቁ ገሚሱ ነጋዴውን፣ ገሚሱ መንግሥታትን፣ ገሚሱ ጦርነቱን ወቀሰ፤ ማርክ ራሱ ረክሶ ይሆናል ብሎ ያሰበ ከአንድ ሰው በላይ አልተገኘም። አንዲት ባለ ሱቅ ሸሚዝ ስትሸጥላቸው ትርፏ የማይገባ እንዳይመስልባት በአነስተኛ ዋጋ የገዛችው እንደነበር ነገረቻቸው። አትርፌያለሁ ብላ አምናለች። ያንኑ ሸሚዝ መልሳ ከአከፋፋዩ ለመግዛት ግን የሸጠችበትን ያህል ገንዘብ ያስፈልጋታል። ፊሸር ይህን የዓይን መጋረድ የገንዘብ ቅዠት ብለው ሰየሙት፤ በ1928 በዚሁ ርዕስ መጽሐፍ አወጡ። በየገበያው የምንሰማው ነው፤ ሁሉም ዕቃ ተወደደ እንላለን እንጂ ገንዘባችን ረከሰ ማለት አይቀናንም።

የሰውየውን ታሪክ ስንጽፍ ጥቁር ገጹን መዝለል ተገቢ አይሆንም። ፊሸር የሰውን ዘር ማሻሻል በሚል ሽፋን ድኾችን፣ ሕሙማንንና ከሌላ አገር የሚመጡ ሰዎችን ዝቅ አድርጎ ያይ የነበረው የዩጄኒክስ እንቅስቃሴ ቀንደኛ ሰው ነበሩ። የአሜሪካ ዩጄኒክስ ማኅበር ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው። በዘመኑ ብዙ ምሁራን በዚህ ስሜት ተወስደው ነበር ቢባልም ጥፋቱን አያሳንሰውም። ለሳይንስ ስም ያላቸው ጭፍን እምነት ቤታቸውንም ጎዳ። የበኩር ልጃቸው ማርጋሬት የአእምሮ ሕመም ሲደርስባት በኒው ጀርሲ ወደሚገኝ አንድ ሆስፒታል ወሰዷት። የሆስፒታሉ ኃላፊ ሐኪም ሄንሪ ኮተን ዕብደት ከጥርስና ከአንጀት ኢንፌክሽን ይመጣል ብለው የሚያምኑ፣ የሕሙማንን ጥርስ የሚነቅሉና አንጀት የሚቆርጡ ሰው ነበሩ። ልጅቱ ቀዶ ሕክምናው ካደረሰባት ጉዳት ሳታገግም በ1919 ሞተች። አባትየው ግን ከዚያ በኋላም በሐኪሙ ላይ የነበራቸውን እምነት አልተዉም። በኋላ የአክሲዮን ገበያው ሲወድቅ የታየው ግትርነት ያኔም ነበር ማለት ነው።

ሀብታም የሆኑት በፈጠራ ነው። ጽሑፍና ካርድ የሚበዛባቸው ሰው ስለነበሩ፣ የእያንዳንዱ ካርድ ርዕስ ሳይገለጥ የሚታይበትን የካርድ ማስቀመጫ ሠርተው በ1913 የባለቤትነት መብት አገኙበት። የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። ኩባንያው በ1925 ከትልቅ ተፎካካሪው ጋር ተዋሐደ፤ ኋላም ሬሚንግተን ራንድ የተባለው የቢሮ መሣሪያዎች ኩባንያ አካል ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። በዚያው በ1925 ኩባንያው በእርሳቸው ጉትጎታ ክፍያው ከዋጋ ንረት ጋር የሚስተካከል ቦንድ ሸጠ። የአሜሪካ መንግሥት ይህን ዓይነት ቦንድ መሸጥ የጀመረው በ1997 ነው።

ፊሸር ያገኙትን አክሲዮን ሸጠው ገንዘቡን አላስቀመጡም። ይልቁንም ተጨማሪ አክሲዮን ለመግዛት ያላቸውን መብት ለመጠቀም ተበደሩ። አሜሪካ በአዲስ ቴክኖሎጂ፣ በተሻለ አስተዳደር፣ በመጠጥ ክልከላም ጭምር ምርታማነቷ ጨምሯል፤ ስለዚህ የአክሲዮኑ ዋጋ ቢወጣ ይገባዋል የሚል እምነት ነበራቸው። ዋጋ የተረጋጋ በመሰላቸው ጊዜ ገንዘቡም የተረጋጋ መሰላቸው። ሳሩን እንጂ ገደሉን አላዩም። በወረቀት ላይ ሀብታቸው 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል ደርሶ ነበር።

ገበያው ሲናድ 58 ዶላር የነበረው የሬሚንግተን ራንድ አክሲዮን በመጨረሻ 1 ዶላር ድረስ ወረደ። ፊሸር ግን በየወሩ ገበያው ያገግማል ማለታቸውን ቀጠሉ፤ በ1930 መጀመሪያ ይህንኑ የሚያብራራ መጽሐፍም አሳተሙ። የተበደሩበት ቁርጥ ያለ ነው፤ መያዣው ግን ተነነ። አበዳሪዎች ተጨማሪ መያዣ ሲጠይቁ የባለቤታቸውን ታላቅ እኅት ካሮላይን ሐዛርድን ለመኑ። የዌልስሊ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት እኒህ ሴት ደጋግመው አበደሩ። ዕዳው በመጨረሻ 750 ሺህ ዶላር ያህል ደረሰ። አማት የሠሩላቸውን ያንን የፕሮስፔክት ስትሪት ቤትም እንዳያጡት ዬል ዩኒቨርሲቲ ገዝቶ በኪራይ እንዲኖሩበት አደረገ። በሠርጋቸው ማግስት የተሰጣቸው ቤት ውስጥ ተከራይ ሆኑ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ድምፁ ይጠፋ ነበር። ፊሸር ግን ምን ነካን ብለው ጠየቁ። በ1932 አንድ መጽሐፍ፣ በ1933 ደግሞ ራሳቸው የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት በሆኑበት የኢኮኖሜትሪክስ ማኅበር መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። ታላላቅ ድቀቶችን የሚያመጡት ሁለት በሽታዎች ናቸው አሉ፤ ከመጠን ያለፈ ዕዳና አጠቃላይ የዋጋ መውደቅ፣ ማለትም ዲፍሌሽን። ለየብቻ ሲመጡ ይቻላሉ። አብረው ሲመጡ ግን አንዱ ሌላውን ይመግበዋል።

ሒደቱን በቀላሉ እንየው። መጀመሪያ አዲስ ነገር ይመጣል፤ አዲስ ቴክኖሎጂ፣ አዲስ መሬት፣ አዲስ ገበያ። ትርፉ ዓይን ይስባል፤ ሰዉ ይበደራል። አንድ ቀን አበዳሪው ወይም ተበዳሪው ይደነግጥና ዕዳ መክፈል ይጀመራል። ለመክፈል ንብረት ይሸጣል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥ በርካሽ ይሸጣል። የባንክ ብድር ሲከፈል በባንክ ሒሳብ የነበረው ገንዘብም አብሮ ይጠፋል፤ የቀረውም ከእጅ ወደ እጅ መዘዋወሩን ያቀዘቅዛል። ገንዘብ ሲያንስ ዋጋ ይወድቃል። ዋጋ ሲወድቅ የነጋዴው ሀብት ይሳሳል፤ ኪሳራ ይበዛል፤ ትርፍ ይጠፋል፤ ፋብሪካ ሠራተኛ ያሰናብታል። ተስፋ መቁረጥ ይመጣል፤ ሰዉ ገንዘቡን ፍራሽ ሥር ይደብቃል። በወረቀት ላይ ያለው ወለድ ዝቅ ይላል፤ እውነተኛው ወለድ ግን ይሰቅላል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

በአንድ ቤት ላይ ብናሰላው ይበልጥ ይገባናል። በ1928 አንድ ሰው 10 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ቤት አለው እንበል፤ 5 ሺህ ዶላር ዕዳ አለበት። የወር ደመወዙ 100 ዶላር ነው። ዕዳው የ50 ወር ደመወዙ ነው ማለት ነው። አራት ዓመት አልፎ ቤቱ 6 ሺህ ዶላር፣ ደመወዙም 70 ዶላር ሆነ። ሰውየው ግን ጨዋ ነው፤ ከልጆቹ ጉሮሮ ነጥቆ ከዕዳው 1 ሺህ ዶላር ከፈለ። የቀረበት 4 ሺህ ዶላር ነው። በ70 ዶላር ደመወዝ ሲካፈል 57 ወር ይሆናል። ከዕዳው አንድ አምስተኛ ከፍሎ፣ ዕዳው በላቡ ሲለካ ከበፊቱ በለጠ። ለመክፈል ሲል ዕቃውን መሸጡና ወጪውን መቁረጡ ደግሞ የጎረቤቱን ገቢ ቀንሷል። እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ብልህነት የሆነውን ሲያደርግ፣ ሁሉም ተያይዞ ይሰጥማል።

ፊሸር ይህንኑ ስሌት በአገር ደረጃ ሠሩት። እስከ መጋቢት 1933 አሜሪካውያን ዕዳቸውን 20 በመቶ ያህል ቀንሰዋል፤ በዚያው ጊዜ ግን ዶላር በጅምላ ዋጋ ሲለካ የመግዛት አቅሙ 75 በመቶ ያህል ጨምሯል። ስለዚህ የቀረው ዕዳ በዕቃ ሲለካ 40 በመቶ ያህል አደገ። ይህን ሲያሰሉ የራሳቸውን ደብተር እያዩ ይመስላል። የሚገርመው ግን በጽሑፉ ውስጥ ስለ ራሳቸው አንዲት ቃል የለችም።

በዚያን ጊዜ የቤት ብድር እንደዛሬው የ30 ዓመት አልነበረም። ብዙው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚቆይ ነበር፤ ወለዱ ብቻ እየተከፈለ ይቆይና ጊዜው ሲደርስ ዋናው በአንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ ወይም ባንኩ ያድሳል። ዋጋ ሲወጣ እድሳቱ ችግር አልነበረውም። ቤቱ ሲረክስ ግን ባንኩ አላድስም አለ። ባንኩም የሚያድስበት አቅም አልነበረውም፤ ከ1930 እስከ 1933 ባለው ጊዜ 9 ሺህ ያህል ባንኮች ወድቀዋል። በ1933 በቀን 1 ሺህ ያህል ቤቶች በዕዳ ይወረሱ ነበር። በ1925 ከ900 ሺህ በላይ አዳዲስ መኖሪያ ቤቶች መሠራት የጀመሩባት አገር በ1933 ከ100 ሺህ በታች ቤት ሠራች። ከአራት ሠራተኞች አንዱ ሥራ አልነበረውም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድነው? ጥቂት የማይባሉ ሰዎች፣ በሥልጣን ላይ ያሉም ጭምር፣ በሽታው ራሱን ያቃጥል፣ የከሰረ ይክሰር ይሉ ነበር። ፊሸር ይህን ሐኪም ሊያድነው የሚችለውን የሳንባ ምች በሽተኛ ዝም ብሎ እንደመተው ቆጠሩት። ዕዳው የተገባው ዋጋው ከፍ ባለበት ጊዜ ነውና፣ ዋጋውን ወደዚያው ደረጃ መመለስ ባለዕዳውንም አበዳሪውንም ያድናል ባይ ነበሩ። ለፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በርካታ ደብዳቤ ጻፉ፤ በአካልም ቀርበው አነጋገሩ። ሩዝቬልት ሚያዝያ 19 ቀን 1933 አሜሪካን ከወርቅ መለኪያ ማስወጣታቸውን ሲያስታውቁ ፊሸር ለባለቤታቸው ደብዳቤ ጻፉ። በዓለም ላይ ካሉ ደስተኛ ሰዎች አንዱ እንደሆኑ ገለጹላት። በዚያው ደብዳቤ ላይ ቀጥለው፣ አሁን የሚቀረው ለቤታችን ገንዘብ መፈለግ ነው፣ ምናልባት እንደገና ወደ እኅትሽ መሄድ ሳይኖርብን አይቀርም የሚል ሐሳብ ጨመሩ። የሰውየውን ሕይወት በአንድ ገጽ ማየት ለሚፈልግ ይህ ደብዳቤ ይበቃል።

ዋጋ ከዚያች ጸደይ ጀምሮ መውደቁን አቆመ። በ1934 መጀመሪያ የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ ከ20 ዶላር ከ67 ሳንቲም ወደ 35 ዶላር ከፍ ተደረገ። ሩዝቬልት ያቋቋሙት የቤት ባለቤቶች ብድር ተቋም ደግሞ ጊዜው ያለፈበትን የቤት ብድር ከባንኮች እየተረከበ በ5 በመቶ ወለድ፣ በ15 ዓመት የሚከፈል አድርጎ አደሰው። አንድ ሚሊዮን ያህል ቤተሰቦች ተጠቀሙበት። ፊሸር ግን ለዚህ ሁሉ ምስጋናው ሲከፋፈል አልተጠሩም። ከ1929ኙ ንግግር በኋላ ስማቸው ለመሳቂያ የዋለ ሰው ነበሩ፤ በ1936 የጆን ሜይናርድ ኬንስ መጽሐፍ ሲወጣ ደግሞ የምሁራኑ ጆሮ ወደዚያ ዞረ።

እርሳቸው አላረፉም። አንዱ ሐሳብ በየሳምንቱ ቴምብር ካልተለጠፈበት ዋጋ የማይኖረው፣ ሰዉ እንዳይደብቀው የሚያስገድድ ጊዜያዊ ገንዘብ ነበር፤ ኦስትሪያ ውስጥ ቮርግል የተባለች ትንሽ ከተማ ተመሳሳይ ነገር ሞክራ ነበር። በ1935 ከዬል ጡረታ በወጡበት ዓመት ደግሞ ባንኮች ለተንቀሳቃሽ ተቀማጭ ሙሉ በሙሉ መጠባበቂያ እንዲይዙ የሚጠይቅ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ባንክ ብድር በሰጠ ቁጥር ገንዘብ መፈልፈሉ፣ ባስከፈለ ቁጥር ገንዘብ ማጥፋቱ ይቅር ነው ነገሩ። ተቀባይነት አላገኘም፤ ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አልሞተም። በሰባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሆነው የዓለምን ካርታ ብዙም ሳያዛባ በወረቀት ላይ የሚያሳይ አዲስ ንድፍ ሠሩ። አዲስ ኩባንያ ይጀምራሉ፤ ገንዘብ ግን አልመጣም። የግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤትም ዕዳ ይጠይቃቸው ነበር።

ባለቤታቸው በ1940 አረፉ። የባለቤታቸው እኅት ካሮላይን ሐዛርድም በ1945 ሲሞቱ የፊሸርን ዕዳ በኑዛዜያቸው ማሩላቸው። ፊሸር በሕይወታቸው ካገኙት የዕዳ እፎይታ ሁሉ ትልቁ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሚያዝያ 29 ቀን 1947 በ80 ዓመታቸው ኒውዮርክ ውስጥ በአንጀት ካንሰር ሞቱ።

ጽሑፋቸው ለረጅም ጊዜ አቧራ ለብሶ ተቀመጠ። በ1983 ቤን በርናንኬ የተባለ ወጣት ተመራማሪ የታላቁን ድቀት ባንኮች ሲያጠና ወደ ፊሸር ተመለሰ። ጃፓን ከ1991 በኋላ የመሬት ዋጋዋ ወድቆ ለዓመታት በዲፍሌሽን ስትማቅቅ ደግሞ ብዙዎች ያንን አጭር ጽሑፍ ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ገቡ። በርናንኬ የአሜሪካ ፌዴራል ሪዘርቭ ሊቀመንበር በሆኑበት በ2006 የአገሪቱ የቤት ዋጋ ጫፍ ደረሰና መውረድ ጀመረ። እስከ 2012 ከሩብ በላይ ወደቀ። ከ10 ሚሊዮን በላይ ባለቤቶች ዕዳቸው ከቤታቸው ዋጋ በለጠ፤ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ በዚያ የጥድፊያ ዘመን ቤት የገዙ ኢትዮጵያውያንም የቀመሱት ነው። በ2009 አጋማሽ የአሜሪካ ጠቅላላ ዋጋ ከዓመት በፊት ከነበረበት በ2 በመቶ ያህል ወርዶ ነበር።

በርናንኬ ወለድን ዜሮ አጠገብ አውርደው በትሪሊዮን የሚቆጠር ዶላር ቦንድ ሲገዙ፣ ብዙ ሰዎች ይህ ሁሉ ገንዘብ የዋጋ ንረት ያመጣል ብለው ጮኹ። ለአሥር ዓመት ያህል አልመጣም። የመጣው ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ ነው፤ በሰኔ 2022 የአሜሪካ የዋጋ ንረት 9.1 በመቶ ደረሰ። በርናንኬም በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ2020 እና በ2021፣ ከ3 በመቶ በታች በሆነ ቋሚ ወለድ ለ30 ዓመት ተበድረው ቤት የገዙ አሜሪካውያን ዕዳቸው በየወሩ ሲቀልላቸው አዩ። በ2022 መጨረሻ አካባቢ ቤት ለመግዛት የመጡት ግን 7 በመቶ ተጠየቁ።